ሙቀት አሳይ መነጽር፦ ዋጋው ወርዷል፣ ገበያውስ?

ቀደም ባሉት ዓመታት የጦር ሠራዊትና የታላላቅ ድርጅቶች ንብረት ብቻ የነበረው ሙቀት አሳይ መነጽር ዛሬ በውጭ ገበያ ከአንድ ደህና የእጅ ስልክ ባልበለጠ ዋጋ ይሸጣል። በእንግሊዝኛ ስሙ ቴርማል ሞኖኪውላር የሚባለው፣ በአንድ ዓይን የሚታይበትና በአንድ እጅ የሚያዘው አነስተኛው ዓይነት በ500 ዶላር አካባቢ ይገኛል። በአውሮፓና በአሜሪካ ዋነኛ ገዥው አዳኝ ነው። በጨለማ፣ በጫካ ጥግ የቆመን አውሬ ያለ ባትሪ መብራት ያሳየዋል።

ዋጋ ሲወርድ ነጋዴ ማስላት መጀመሩ ያለ ነው። ሌሊቱን ማሳውን ከጃርት፣ በረቱን ከጅብ ሲጠብቅ የሚያድር ገበሬ ባለበት፣ መሣሪያና አደንም የወንድ ልጅ ክብር ሆነው በኖሩበት አገር ይህ ዕቃ ገበያ ያጣል ወይ? ጥያቄውን በአንድ አካባቢ ላይ አድርጎ መመርመሩ ከጥቅል አስተያየት ይሻላል። ለዚህም የደቡብ ጎንደርን ምሥራቃዊ ክፍል፣ ማለትም ጋይንትን፣ ስማዳንና እስቴን መርጠናል።

መልሱን አስቀድሞ ለመናገር፣ ዕቃው ይሠራል፤ ነገር ግን ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ያህል አይሠራም። ፈላጊም አለው፤ ነገር ግን ፈላጊው ነጋዴው የሚያስበው ሰው አይደለም። ከሁሉም በላይ፣ ወደ አገር የሚገባበት በር ጠባብ ነው።

ዕቃው እንዴት ያያል?

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ያለፈ መንገደኛ ዕቃውን ያውቀዋል። የመንገደኛውን ትኩሳት ከርቀት ያነብ የነበረው ካሜራ ከዚሁ ቤተሰብ ነው። ማናቸውም አካል እንደ ሙቀቱ መጠን ዓይን የማያየው ጨረር ይለቃል። መነጽሩ ይህንን ጨረር ተቀብሎ ሞቃቱን ነጭ፣ ቀዝቃዛውን ጥቁር አድርጎ በትንሽ ስክሪን ያሳያል። ብርሃን ስለማይፈልግ ጨረቃ ኖረች አልኖረች ለውጥ የለውም።

እዚህ ላይ ሁለት ዕቃዎች እንዳይምታቱ ያስፈልጋል። በተለምዶ «ናይት ቪዥን» የሚባለው መነጽር የከዋክብትን ወይም የጨረቃን ጭላንጭል አጉልቶ የሚያሳይ ነው። ሙቀት አሳዩ ግን የሚያየው ብርሃን ሳይሆን የሙቀት ልዩነት ነው። ስለዚህ ሻጭ ሁለቱን በአንድ ስም ጠርቶ ሲያቀርብ ገዥው የትኛው እንደሆነ ይጠይቅ።

የሙቀቱ ጨረር በተራ መስታወት አያልፍም። በመስኮት ወይም በመኪና መስታወት ውስጥ ሆኖ ወደ ውጭ የሚመለከት ሰው የሚያየው የመስታወቱን ሙቀት ብቻ ነው። በዚህም ምክንያት የመነጽሩ ሌንስ የሚሠራው በአብዛኛው ጀርመኒየም ከሚባለው ውድ ማዕድን ነው።

ዋጋው ለምን ወረደ?

የቀድሞዎቹ መሣሪያዎች ዳሳሻቸው በልዩ ማቀዝቀዣ ከዜሮ በታች ካልቀዘቀዘ አይሠሩም ነበር። ክብደታቸውም ዋጋቸውም ከዚያ ይመጣል። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ሃኒዌል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በመንግሥቱ የመከላከያ ገንዘብ ማቀዝቀዣ የማይፈልግ ዳሳሽ ሠራ። ምስጢርነቱ በ1992 እ.ኤ.አ. ሲነሳ ቴክኖሎጂው ወደ ሲቪል ገበያ ወጣ። ከዚያ በኋላ የእሳት አደጋ ሠራተኛው፣ የኤሌክትሪክ ጥገና ባለሙያው፣ መኪና ሠሪው እየገዛው ምርቱ በዛ። በመጨረሻም የቻይና አምራቾች ገቡበትና ዋጋውን ሰበሩት።

የአዳኙ ፍላጎትም ረድቷል። በአሜሪካዋ ቴክሳስ እርሻ የሚያጠፋ የዱር አሳማ በሌሊት ይታደናል። በጀርመን ደግሞ የአፍሪካ የአሳማ ወረርሽኝ ሥጋት ሲመጣ በ2020 እ.ኤ.አ. ሕጉ ተሻሽሎ ለአዳኞች የሌሊት ማያ መሣሪያ ላላ ተደረገ። ሁለቱም አገሮች ከፍተኛ የመግዛት አቅም ያላቸው ናቸው፤ ርካሹ ዕቃ የተፈጠረው ለእነርሱ ሳሎንና ለእነርሱ ኪስ ነው።

ነገር ግን ዋጋው እንደወረደ ይቀጥላል ብሎ መደምደም አይቻልም። የጀርመኒየም ዋነኛዋ አምራች ቻይና ከነሐሴ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማዕድኑ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ አድርጋለች። አምራቾች ሌላ ዓይነት መስታወት በምትኩ እየተጠቀሙ ነው፤ የሌንስ ዋጋ ግን ከዚህ ፖለቲካ ጋር መውጣቱና መውረዱ አይቀርም።

«480 ሜትር» ሲባል ምን ማለት ነው?

በርካሾቹ ዕቃዎች ካርቶን ላይ ብዙ ጊዜ የሚነበበው ከ400 እስከ 500 ሜትር ርቀት ሰው «ያገኛል» የሚል ነው። ቁጥሩ ውሸት አይደለም፤ ነገር ግን ማግኘትና መለየት አንድ አይደሉም።

የተለመደውን አነስተኛ ዕቃ እንውሰድ። ዳሳሹ በወርድ 256፣ በቁመት 192 ነጥቦች አሉት። የእያንዳንዱ ነጥብ ስፋት 12 ማይክሮን፣ የሌንሱ ርዝመት 10 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ ሲሰላ በ100 ሜትር ርቀት አንድ ነጥብ 12 ሳንቲ ሜትር ይሸፍናል። አካሏ 1 ሜትር ከ20 የሚረዝም ጅብ በጎኗ ብትቆም በስክሪኑ ላይ 10 ነጥብ ትይዛለች፤ እንስሳ መሆኗ ይታወቃል፣ የሚያውቃትም በአካሄዷ ይለያታል። በ300 ሜትር ግን አንድ ነጥብ 36 ሳንቲ ሜትር ስለሚሆን ያችው ጅብ 3 ነጥብ ያህል ብቻ ትሆናለች። ጅብ ትሁን፣ ጥጃ ትሁን፣ ጋቢውን ተከናንቦ የተቀመጠ ማሳ ጠባቂ ይሁን፣ ከስክሪኑ ማወቅ አይቻልም።

ካርቶኑ ላይ ያለው 480 ሜትርም የሚመጣው ከዚሁ ነው። በዚያ ርቀት 1 ሜትር ከ80 የሚረዝም ሰው በቁመቱ 3 ነጥብ ይይዛል፤ አምራቹ «ተገኘ» የሚለው ይህንኑ ነው። ለገዥው የሚጠቅመው የመለያ ርቀቱ ከዚህ ሩብ ያህሉ ነው። በስክሪኑ ላይ ምስሉን ሁለትና አራት እጥፍ የሚያደርገው ማጉያም አዲስ ነጥብ አይጨምርም፤ ያሉትን ሦስቱን ነጥቦች ያሰፋቸዋል እንጂ።

ስለዚህ ዕቃው የሚያሳየው ሙቀትን እንጂ ማንነትን አይደለም። ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ለአዳኙ የሕይወት፣ ለነጋዴው የኪስ ጉዳይ ነው። የተሻለ መለያ የሚሻ ገዥ 384 ወይም 640 ነጥብ ወርድና ረዘም ያለ ሌንስ መግዛት አለበት። ያን ጊዜ ግን ዋጋው ሁለት፣ ሦስትና አራት እጥፍ ስለሚሆን «ርካሽ» የሚለው ቃል ያበቃል።

በጥቅጥቅ ደን ውስጥ

ብዙ ሰው ዕቃው ቅጠልና ቁጥቋጦ ዘልቆ የሚያይ ይመስለዋል። አያይም። ቅጠል ለሙቀት ጨረር እንደ ግድግዳ ነው። እንስሳው ከቁጥቋጦ ጀርባ ከሆነ የሚታየው በቅጠሎቹ መካከል በሾለከች ቀዳዳ የወጣች ትንሽ ነጭ ነጠብጣብ ናት። ጥቅሙ ይህችኑ ነጠብጣብ ዓይን በማያያት ሰዓት ማሳየቱ ነው። ስለዚህ በካርቶኑ 480 ሜትር የተባለው ዕቃ ጥቅጥቅ ባለ ደን ውስጥ የሚያገለግለው ደኑ ራሱ በሚፈቅደው ርቀት፣ በአሥር ሜትሮች በሚቆጠር መጠን ነው።

ወደ አካባቢያችን ስንመጣ፣ በእስቴና በጋይንት የተረፈው ጥቅጥቅ ያለ የአገር ዛፍ በአብዛኛው በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ያለው ነው። ጥናቶች በደቡብ ጎንደር ከ1000 በላይ የቤተ ክርስቲያን ደኖችን ቆጥረዋል። አብዛኞቹ ጥቂት ሄክታር ብቻ ናቸው። ጽዱ፣ ወይራውና ኮሶው እስከ ዛሬ የቆየው አጥሩን ምእመኑ ስለሚያከብረው ነው። እዚያ ገብቶ የሚያድን ሰው ሕግን ከመጣሱ በፊት ከአገሩ ሰው ጋር ይጣላል። ከዚያ ውጭ ያለው «ጫካ» የባሕር ዛፍ ተክልና የገደል ቁጥቋጦ ነው። ግንዱ ቀጥ ብሎ ከሥሩ የተራቆተ ባሕር ዛፍ ውስጥ መነጽሩ ከአገር ዛፍ ደን ይልቅ ይሻላል።

የአየሩም ጠባይ ይታሰብ። ከ4100 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ በክረምት ጉም አይለየውም። ጉምና ዝናብ የሙቀቱን ጨረር ይውጡታል፤ ከዝናብ በኋላም ድንጋዩ፣ ሣሩና ዛፉ አንድ ዓይነት ሙቀት ይዘው ምስሉ ይደበዝዛል። በተቃራኒው በቆላው ስማዳ፣ ወደ በሽሎ ሸለቆ በሚወርደው ገደል፣ ቀን ፀሐይ የመታው ድንጋይ ምሽቱን ሁሉ እንደ እንስሳ ያበራል። ዕቃው በደንብ የሚሠራው በበጋ፣ ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት ባለው ቀዝቃዛ ሰዓት ነው። የብርዱ ጉዳት ደግሞ ባትሪውን በቶሎ መጨረሱ ነው።

አደንስ ይፈቀዳል?

በዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 መሠረት አደን ያለ ፈቃድ አይካሄድም። ፈቃድ የሚሰጥባቸው የቁጥጥር አደን ቀበሌዎችም ተለይተው የታወቁ ናቸው። በባሌና በአርሲ እንደ ኦዶቡሉ፣ ሃንቶና ሙኔሳ ያሉት ለደጋ አጋዘንና ለምኒልክ ድኩላ የሚታወቁ ሲሆን፣ የውጭ አገር አዳኞች በዶላር እየከፈሉ በአስጎብኚ ድርጅቶች አማካይነት ይመጡባቸዋል። ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ በዚህ ዝርዝር ውስጥ የሉም። የጉና ተራራም የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው። ስለዚህ «የአዳኝ ገበያ» ብሎ ወደዚህ አካባቢ ዕቃ የሚያወርድ ነጋዴ ሕጋዊ ገዥ የለውም።

የቀረው ማሳና ከብት መጠበቅ ነው። ይህ እውነተኛ ችግር ነው። ነገር ግን እህል የሚያጠፋው ሁሉ በሌሊት እንደማይመጣ መታወቅ አለበት። ዝንጀሮ፣ ጭላዳና ጦጣ የቀን ሌቦች ናቸው፤ ሲመሽ ወደ ገደላቸውና ወደ ዛፋቸው ይመለሳሉ። ለእነርሱ የሚያስፈልገው የሙቀት መነጽር ሳይሆን ቀን ማሳ ላይ የሚውል ልጅ ነው፤ ያ ልጅ ደግሞ ትምህርት ቤት መዋል ነበረበት። በሌሊት የሚመጡት ድንች የሚቆፍረው ጃርት፣ የጫካ አሳማና የበረቱ ጠላት ጅብ ናቸው። ዕቃው የሚጠቅመው ለእነዚህ ብቻ ነው።

የገበሬው ሒሳብ

እስቲ እናስላ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ለስሌት እንዲመች በ150 ብር ብንይዘው 500 ዶላር 75 ሺህ ብር ይሆናል። በዚህ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ 10 በመቶ ሱር ታክስና 3 በመቶ የማኅበራዊ ልማት ቀረጥ ሲታከል፣ ዋናው የጉምሩክ ቀረጥ ሳይገባ እንኳ ወደ 97 ሺህ ብር ይደርሳል። የማጓጓዣ፣ የባንክና የትራንዚተር ወጪ፣ በመጨረሻም የነጋዴው ትርፍ ሲጨመር ዕቃው ንፋስ መውጫ ወይም መካነ ኢየሱስ ሲደርስ ከ100 ሺህ ብር በእጅጉ ያልፋል።

አንድ ኩንታል ገብስ በ6 ሺህ ብር ቢታሰብ 100 ሺህ ብር ማለት ወደ 17 ኩንታል ነው። በአንድ ሄክታር የሚገኘው የገብስ ምርት በአማካይ ከ20 እስከ 25 ኩንታል በሆነበት አገር፣ ገበሬው ለመነጽሩ ሲል የአንድ ሄክታር ምርቱን ሦስት አራተኛ ያህል ይሸጣል ማለት ነው። ጃርት በዓመት ያን ያህል አይበላበትም። ውሻ፣ የእሾህ አጥር፣ ማማና በፀሐይ የሚሞላ የእጅ ባትሪ በጋራ ተደምረው የዚህን አሥረኛ አያወጡም፤ ሥራውንም በአብዛኛው ይሠራሉ።

ሒሳቡ የሚለወጠው ዕቃው በጋራ ሲያዝ ነው። አርባ አባወራ ቢያዋጣ ድርሻቸው 2500 ብር ይሆናል፤ ዕቃው አምስት ዓመት ቢያገለግል በዓመት 500 ብር። በግ አርቢ ለሆነ መንደር ይህ የሚያዋጣ ነው፤ አንዲት በግ ከጅብ ካተረፉ ከዚያ በላይ ትመልሳለች። ነገር ግን በጋራ የሚያዝ ዕቃ ኃላፊ፣ ተራ ጠባቂና ጥገና ይፈልጋል። ዳሳሹ ከተበላሸ በአገር ውስጥ አይጠገንም። በቀጥታ ወደ ፀሐይ ከተደገነም ሊቃጠል ይችላል።

በሩ የት ላይ ይጠባል?

ከዚህ ሁሉ በላይ ክብደት ያለው የፈቃድ ጉዳይ ነው። ሙቀት አሳይ መሣሪያ በዓለም ላይ ለሲቪልም ለውጊያም ከሚያገለግሉ ዕቃዎች ተርታ ይመደባል። የዋሴናር ስምምነት አባል አገሮች ወደ ውጭ ሲሸጡት ይቆጣጠሩታል፤ በሰከንድ ከ9 ምስል በላይ የማያሳየውን ዓይነት ግን በቀላሉ ይለቁታል። አንዳንዱ ዕቃ ሩጫን እየቆራረጠ የሚያሳየው ከዚህ የተነሳ ነው።

በእኛም አገር በቦሌ ተራ መነጽር እንኳ ያለ ፈቃድ ይዞ የመጣ መንገደኛ ዕቃው ሊያዝበት እንደሚችል አስጎብኚዎች በደንብ ያውቁታል። በጨለማ የሚያይ መሣሪያማ ከጸጥታ አካላት ፈቃድ ሳያገኝ ይገባል ብሎ ማሰብ ዘበት ነው። በሻንጣ አስገብቶ በድብቅ ልሽጥ የሚል ደላላ ከዕቃው መወረስ ባሻገር የወንጀል ተጠያቂነት ይጠብቀዋል።

አካባቢውም የጸጥታ ሥጋት ያለበት ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ንፋስ መውጫ ድረስ ደርሶ ነበር። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻም በክልሉ የትጥቅ ግጭት ተስፋፍቶ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጇል። እንዲህ ባለ ቦታ የሌሊት ማያ በእጁ የተገኘ ገበሬ «ጅብ እየጠበቅሁ ነው» ቢል የትኛው ወገን ያምነዋል? በሌላ በኩል፣ በ300 ሜትር ሦስት ነጥብ ሆኖ የሚታየው «አውሬ» ከገበያ ያመሸ ጎረቤት ቢሆንስ? በዚህ መነጽር ብቻ አይቶ ቃታ መሳብ በየትኛውም አገር የአዳኝ ሥነ ሥርዓት የተወገዘ ነው።

ገንዘቡ የት ይዋል?

ከዚህ አኳያ ይህ ዕቃ የሱቅ ሸቀጥ ሳይሆን የትእዛዝ ዕቃ ነው። ሊገዙ የሚችሉት ሕጋዊ ሰውነት ያላቸው ናቸው፦ የአደን ፈቃድ ያላቸው አስጎብኚ ድርጅቶች፣ ፓርኮችና ጥብቅ ሥፍራዎች፣ የዱር እንስሳት ቆጠራ የሚያካሂዱ ዩኒቨርሲቲዎች። ከእነዚህ ጋር የሚሠራ አስመጪ ፈቃዱ በገዥው ስም መውጣቱን፣ ቅድሚያ ክፍያ መያዙንና የዋስትና ጊዜው በጽሑፍ መስፈሩን ሳያረጋግጥ ኤልሲ አይክፈት። ለመደርደሪያ ብሎ ሃያና ሠላሳ ማምጣት ገንዘብን በጉምሩክ መጋዘን ማሳደር ነው።

ሙቀት በሚያሳይ ካሜራ መነገድ የሚፈልግ ሰው ከአዳኙ ይልቅ ፋብሪካውን ቢያይ የተሻለ ነው። የጋለ የኤሌክትሪክ መገጣጠሚያ፣ ሊቃጠል የደረሰ ሞተር፣ የሚያፈስ የቀዝቃዛ መጋዘን ግድግዳ ሁሉ በዚሁ ዳሳሽ ይታያሉ። እዚያ የሚያስፈልገው ርቀት ሁለትና ሦስት ሜትር ስለሆነ ርካሹ ዕቃ ድክመቱ አይታይበትም። ፈቃዱን አስቀድሞ መጠየቅ ግን እዚያም አይቀርም።

ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ገበሬ ግን ዛሬ በቅርብ የሚያዋጣው ሌላ ነው። በፀሐይ የሚሞላ ጠንካራ መብራት፣ የበረት በርና የአጥር ሽቦ የሚያቀርብ ነጋዴ ፈቃድ የሚለምንበት ቢሮ የለም፤ ገዥውም ዕቃውን ያውቀዋል። አንድ ሰው በ100 ሺህ ብር አንድ መነጽር ከሚያስገባ በዚያው ገንዘብ ሃምሳ መብራት ቢያወርድ፣ በእያንዳንዱ 2 ሺህ ብር ሒሳብ፣ ሃምሳ በረት ይበራል፤ ገንዘቡም በአንድ የመኸር ወቅት ተመልሶ ይገባል።